ውሃው የት ይሄዳል? በጋይንትና አካባቢው ለሚሠሩ ነጋዴዎች የውሃ ወጪን ስለመቀነስ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ ሉካንዳ ወይም የመኪና እጥበት ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች የዘይቱንና የስኳሩን ዋጋ በቃላቸው ይናገራሉ። ባለፈው ወር ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ እንደተጠቀሙ ቢጠየቁ ግን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። የሚታወሰው በደረሰኙ ላይ ያለው ብር ብቻ ነው። የውሃ ወጪን መቀነስ የሚፈልግ ነጋዴ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ይህን ለማወቅ ደግሞ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሉ።

ውሃው ለምን ውድ ሆነ?

የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም ስሙ የሚነሳው ጋይንት ደጋ አገር ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይመጣል። በከፍታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ከበታቹ ካለ ምንጭ ወይም ጉድጓድ በፓምፕ ስቦ ማውጣት ይኖርበታል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ያንን አቀበት ማስወጣት መብራት ወይም ነዳጅ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪፉ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የገጠር ተጠቃሚ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን፣ የከተማ ታሪፍ ግን ሙሉ ወጪን እንዲመልስ ያደርጋል። በከተማ የሚከፈለው ዋጋም ከፍጆታው ጋር እያደገ እንዲሄድ ይላል። ስለዚህ ብዙ የተጠቀመ ሰው የሚከፍለው በመጠኑ ልክ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው። በብዙ ከተሞች የንግድ ድርጅት የሚከፍልበት ዋጋም ከመኖሪያ ቤት ይለያል።

ለማስረዳት ብቻ ቁጥር እንውሰድ። የመጀመሪያው 10 ሜትር ኪዩብ እያንዳንዱ በ15 ብር፣ ከ10 በላይ ያለው በ30 ብር ይሰላል እንበል። በወር 25 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ምግብ ቤት 150 ብርና 450 ብር፣ በድምሩ 600 ብር ይከፍላል። ይህ ምግብ ቤት 5 ሜትር ኪዩብ ቢቆጥብ የሚቀነስለት ከውዱ፣ ከ30 ብሩ ላይ ነው፤ 150 ብር ይሆናል። ውሃው በ20 በመቶ ሲቀንስ ሒሳቡ በ25 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የከተማዎ እርከን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነና ንግድ ቤትዎ በየትኛው እንደሚሰላ ከውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው በደብተርዎ ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛው ወጪ ግን በደረሰኝ ላይ አይታይም። ቧንቧው በጠፋ ቀን በአህያ ወይም በባጃጅ የሚመጣው የጀሪካን ውሃ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ 10 ብር ቢሸጥ አንድ ሜትር ኪዩብ 500 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ ከላይ በምሳሌ ካነሳነው የቧንቧ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከ16 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሰኞ ሌሊት ከሮቶው ሞልቶ የፈሰሰው ውሃ ረቡዕ በጀሪካን ተመልሶ ይገዛል። በእኔ ግምት በአካባቢው ያለ ንግድ ቤት ትልቁን ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ታሪፉ ብዙ ሲወራ ስለዚህኛው ግን እምብዛም አይወራም።

የሌሊቱ ምርመራ

ቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ሜትር ኪዩብን፣ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። በብዙ ቆጣሪዎች ላይ ትንሽ ውሃ እንኳ ሲያልፍ የምትዞር ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን አለች። ማታ ሥራ ሲዘጋ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ጥቁሩንም ቀዩንም ይጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይቀዳ መልሰው ያንብቡ።

ሮቶ ያለው ቤት ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሌሊት ውሃ ሲለቀቅ ሮቶው ስለሚሞላ ቆጣሪው ይዞራል፤ ያ ግን ብክነት አይደለም። ስለዚህ ምርመራው ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚገባውን መስመር በሳራቺኔስካው ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ መስመሩ ውስጥ ውሃ እያለ ቆጣሪው ከዞረ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ላይ፣ ምናልባትም ከመሬት በታች፣ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀጥሎ፣ መግቢያው እንደተዘጋ፣ የሮቶውን የውሃ ልክ በእንጨት ለክተው ምልክት ያድርጉ። ጠዋት ልኩ ወርዶ ከተገኘ የሚያፈስሰው ከሮቶው ወዲህ፣ በሽንት ቤቱ፣ በማዕድ ቤቱ ወይም በሻወሩ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ሊሆን ይችላል? ማታ 3 ሰዓት ከተዘጋ በኋላ እስከ ንጋት 1 ሰዓት፣ በ10 ሰዓት ውስጥ 0.240 ሜትር ኪዩብ ካለፈ 240 ሊትር ወይም 12 ጀሪካን ጠፍቷል። ይኸው በሌላውም ጊዜ ሳያቋርጥ ከቀጠለ በቀን 576 ሊትር፣ በወር ከ17 ሜትር ኪዩብ በላይ ይሆናል። ለአንዲት ሻይ ቤት ይህ ከምትጠቀመው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

የጥፋቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ያባክናል፤ በወር ወደ አንድ ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። መድኃኒቱ ደግሞ ጎሚኒ መቀየር ነው። የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው ሲያፈስስ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊያስወጣ ይችላል። ይህን ለመለየት ማታ በማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ወይም ጠቆር ያለ ሻይ ጨምሮ ሳይለቅቁ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ከታች ያለው መዝጊያ ላስቲክ አልቋል። አልጋ ቤት ያለው ሰው በየክፍሉ ይህን ቢያደርግ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ማታ የሚጠግነውን ያውቃል።

የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስም መታየት አለበት። ኳሱ ከተበላሸ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሮቶው ሞልቶ በላይ ይፈስሳል፤ ጠዋት ውሃው ስለሚጠፋ ማንም አያይም። ምልክቱ በሮቶው ጎን ወይም ከሥሩ ባለው ግድግዳ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ሽበት ነው። ውሃ በጠፋ ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧም አለ፤ ሠራተኛው ከፍቶ ያያል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጋው ይሄዳል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃው ይመጣል። ይህ በየከተማው የሚታወቅ ታሪክ ነው። ማታ ቤቱን የሚዘጋው ሰው መብራት እንደሚያጠፋ ሁሉ የቧንቧውን ሁሉ እጀታ በእጁ እየነካ እንዲያልፍ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

በሥራ ሰዓት የሚሄደው ውሃ

ጀሪካኑን ቧንቧ ሥር አድርገው ሙሉ በሙሉ ከፍተው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ። በአንድ ደቂቃ ከሞላ ቧንቧዎ በደቂቃ 20 ሊትር ያፈስሳል። እጅ ለመታጠብ 6 ሊትር በደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ከመታጠቢያው ሥር ያለውን መቆጣጠሪያ በከፊል መዝጋት ያለ ምንም ወጪ ይህን ያስተካክላል። ወንፊት ያለው የቧንቧ አፍ ቢገጠም ደግሞ ውሃው ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ያነሰ ሆኖ ሳለ ብዙ ይመስላል። የጋይንት ውሃ አሸዋና ደለል ሲኖረው ወንፊቱ ይደፈናልና በየጊዜው ፈትቶ ማጠብ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የቀድሞ ልማድ መታወስ አለበት። እንግዳን በማንቆርቆሪያና በሳፋ ማስታጠብ ለአንድ ሰው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ውሃ ይፈጃል። ቧንቧ ከፍቶ ሳሙና እየቀቡ መታጠብ 2 ወይም 3 ሊትር ይወስዳል። ከምግብ በፊትና በኋላ ሲሆን በእጥፍ ነው። በቀን 100 ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት በዚህ ብቻ ከ15 እስከ 25 ጀሪካን ልዩነት አለው። ሁሉም ቤት ወደ ማንቆርቆሪያ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ግን የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ሽማግሌ እንግዳም የሚያከብረው አገልግሎት ነው።

ሳህን በሚታጠብበት ቦታ ትልቁ ጥፋት በሚወርድ ውሃ ሥር የወጥ ትሪ ማስለቀቅ ነው። ትሪውና ድስቱ መጀመሪያ ትራፊው በደረቁ ይጠረግ፤ ቀጥሎ በአንድ ሳፋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሸት፤ በሁለተኛው ሳፋ ይለቅለቅ፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይጣል። የሁለተኛው ሳፋ ውሃ ሲደፈርስ ለቀጣዩ ዙር ማሻሻ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ መሆን አለበት። ሉካንዳም እንዲሁ ነው፤ ወለሉና ግንዱ መጀመሪያ ይፋቅ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ ይታጠብ። ደምና ስብን በጎማ ውሃ እየገፉ ወደ ቦይ መስደድ ውሃውንም ይጨርሳል፣ ቦዩንም ይደፍናል፣ ጎረቤትንም ያስቀይማል። በእጅ፣ በቢላዋና ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ ግን ውሃ አይቆጠብም። ከአንድ የታመመ ደንበኛ የሚመጣው ኪሳራ ከዓመት የውሃ ሒሳብ ይበልጣል።

ሙቅ ውሃ ሁለት ሒሳብ ያስከፍላል። ነፋስ መውጫ ብርድ ነው፤ የመንገደኛ አልጋ ቤት ያለ ሙቅ ሻወር አይሞላም። በደቂቃ 10 ሊትር በሚያፈስ ሻወር ለ10 ደቂቃ የሚታጠብ እንግዳ 100 ሊትር ይጠቀማል። ያንን ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል። የሻወሩ ራስ በደቂቃ 6 ሊትር በሚሰጥ ቢቀየር ውሃውም መብራቱም በ40 በመቶ ይቀንሳል። አዲስ ሽንት ቤት ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ባለ ሁለት ቁልፉ በአንድ ጊዜ 3 ወይም 6 ሊትር ሲለቅ የድሮው 9 ሊትርና ከዚያ በላይ እንደሚለቅ ማወቅ ይጠቅማል። የድሮውን ነቅሎ መጣል ግን አያስፈልግም፤ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በማጠራቀሚያው ውስጥ ማስቀመጥ በእያንዳንዱ ልቀት የጠርሙሱን ያህል ያስቀራል።

የመኪና እጥበት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ክፍት ጎማ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ስለሚያፈስ በሩብ ሰዓት እስከ 300 ሊትር ይሄዳል። በባልዲና በስፖንጅ ጀምሮ በጎማ መጨረስ፣ ጎማው አፍ ላይም እጅ ሲለቀው የሚዘጋ መዝጊያ መግጠም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በግፊት የሚያጥበው ማሽን ብዙ ውሃ የሚጨርስ ቢመስልም በደቂቃ ከ10 ሊትር ያልበለጠ የሚጠቀሙ አሉ። መኪናውን ወንዝ ወስዶ ማጠብ ግን ቁጠባ ሳይሆን ዘይቱን ከታች ላለው ሰው ማስጠጣት ነው።

የውዱእ ውሃ

ሙስሊም ነጋዴ ቤቱ ውስጥ መስገጃ ያዘጋጃል፤ በመንገድ ላይ ባለ ከተማ ደግሞ ሹፌሩም ተሳፋሪው ነጋዴም ዙሁርን እዚያው ሰግዶ ያልፋል። ይህ ኸይር ሥራ ነው፤ ከሒሳብ አንጻር ግን ትልቅ የውሃ መውጫ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ለ2 ደቂቃ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ከ12 ሊትር በላይ ሊጠቀም ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ይታጠቡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድ በዛሬው መለኪያ አንድ ሊትር አይሞላም። ኢስራፍን የሚከለክለው የሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አያም ከመብላትና ከመጠጣት ጋር አያይዞ የሚያነሳው ጉዳይ ነው።

በተግባር ሲታይ በመስገጃው አጠገብ ከቧንቧ ይልቅ ትናንሽ ጆጎችን ማስቀመጥ ወይም በእጅ ሲገፉት ትንሽ ለቅቆ ራሱ የሚዘጋ ቧንቧ መግጠም ይሻላል። የውዱእ ፍሳሽ ሳሙና የለበትም። ብዙኃን ዑለማዎች ዳግመኛ ውዱእ ሊደረግበት አይገባም ቢሉም ጧሂር ነውና በበርሜል ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት፣ ለወለልና ለችግኝ ይሆናል። በረመዳን ሁሉም ሰው በመግሪብ አዛን አካባቢ በአንድ ጊዜ ስለሚታጠብ ሮቶው ከዐስር በፊት መሙላቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በኢፍጣር ሰዓት ጀሪካን ፍለጋ ይጀመራል።

የጣሪያው ውሃ

በ1 ሜትር ካሬ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የጣሪያው ስፋት የሚለካው በቆርቆሮው ብዛት ሳይሆን በሚሸፍነው መሬት ነው። 100 ሜትር ካሬ የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ፣ የሚረጨውና የሚተነው ተቀንሶ፣ ወደ 800 ሊትር ይሰጣል። በክረምት በአንድ ከሰዓት ከዚህ በላይ ሊዘንብ ይችላል። የሚያስፈልገው ያልተቀደደ አሸንዳ፣ ወደ በርሜል ወይም ሮቶ የሚወርድ ቱቦና የአፉ ወንፊት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ። የቀረው ለወለል፣ ለልብስ፣ ለሽንት ቤትና ለመኪና ይሁን፤ ሳይታከም ለመጠጥና ለምግብ አይሁን።

አቅሙን ግን ከልክ በላይ መገመት አይገባም። 5,000 ሊትር ሮቶ 250 ጀሪካን ነው፤ በቀን አንድ ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ቤት በ5 ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የሐምሌን ውሃ ለሚያዝያ አስቀምጣለሁ የሚል ነጋዴ ይሳሳታል። የጣሪያ ውሃ የሚጠቅመው የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን ሒሳብ ወደ ዝቅተኛው እርከን ለማውረድ ነው፤ በበጋ ያው ሮቶ የፈረቃውን ውሃ ለመያዝ ያገለግላል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርቶ 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ለመጠቀም ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ ለትልቅ ፋብሪካ የሚሆን ነው። ለእኛ የሚቀርበው የኬፕ ታውን ነገር ነው። ያቺ ከተማ በ2018 እ.ኤ.አ. ግድቦቿ ሲጎድሉ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቀደች፤ ሆቴሎቿም የገንዳ መድፈኛ ከየክፍሉ አንስተው እንግዳው በሻወር ብቻ እንዲታጠብ አደረጉ። ማሽን አልገዙም፤ አንዲት ላስቲክ አነሱ። ከተማዋም በየመስመሩ ግፊቱን በመቀነስ ከስብራት የሚወጣውን ውሃ አሳነሰች።

ሒሳቡ ሲያሻቅብ

የደረሰኙ ብር ድንገት ሁለት እጥፍ ከሆነ ወደ ክርክር ከመሄድ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ በደረሰኙ ላይ ያለው ንባብና ቆጣሪው ላይ ያለው ይስማማሉ ወይ? አንባቢው ያልመጣ ከሆነ በግምት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የስንት ወር ፍጆታ ነው? የሦስት ወሩ በአንድ ወር ከተጻፈ በርካሹ እርከን መሰላት የነበረበት ውሃ ሁሉ ወደ ውዱ እርከን ይገባል፤ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ በጽሑፍ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ በመስመሩ ውስጥ ያለው አየር ቆጣሪውን ሊያዞር ይችላል፤ ቧንቧው ሲተነፍስ ኮከቧ ስትሽከረከር ከታየ ቀኑን መዝግቦ የቆጣሪ ምርመራ መጠየቅ ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ የሚረዳው የቆጣሪ ደብተር ነው። በየጁሙዓው ከሰላት በፊት ቁጥሩን፣ የተገዛውን ጀሪካን ብዛትና ውሃ የጠፋበትን ቀን በአንድ መስመር መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ከሁለት ወር በኋላ ያ ደብተር በየትኛው ሳምንት ቧንቧ እንደተበላሸ፣ በየትኛውም ወር ለጀሪካን የወጣው ብር ሌላ ሮቶ ለመግዛት ይበቃ እንደነበር ያሳያል። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።